የፕሮፌሰሩ ብልቃጥ

ወንጌል ፎቶውን ሦስት ጊዜ አገላብጣ አየችው። ቢገላበጥም ያው ነው።

እንጦጦ ላይ ከሚኖሩ ገበሬዎች ቤት ለቤት ዞራ መቶ አርባ የሰገራ ናሙና ሰብስባለች። ዓመቱን ሙሉ ከእነዚያ ናሙናዎች ዲኤንኤ ስታወጣ ከርማ፣ የድካሟ የመጨረሻ ውጤት ዛሬ በአንድ ፎቶ ላይ ወጣ። ኮሶ ያለበት ሰው ናሙና ነጭ መስመር ያሳያል፤ የሌለበት ባዶ ነው። ሃያ ሦስት ሰዎች መስመር አሳይተዋል። እሰየው። ችግሩ ጥግ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ረድፍ ናት። የእሷ ሥራ ባዶ መሆን ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የሚጠበቅባት ነገር የለም። እሷም መስመር አወጣች፤ ያውም ከሁሉም የደመቀ።

ይህች ረድፍ ኮንትሮል ትባላለች። ኮሶ እንደሌለበት ከታወቀ ጤነኛ ሰው የተወሰደ ሰገራ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሠራና ባዶ ሆኖ ይወጣል። ካልወጣ፣ የሠሪዋ እጅ ቆሽሿል፣ ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው አዛምታለች ይባላል። ያኔ ሃያ ሦስቱንም መስመሮች የሚያምን ሰው አይገኝም።

በኮተቤ መንገድ ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ቤት በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ የጥገኛ ትላትል ጂኖም ምርምር ላቦራቶሪ። ተማሪው ግን በአጭሩ «ትል ቤት» ይለዋል። ትል ቤት የራሱ ልማድ ነበረው። ኮንትሮሉ የሚመጣው ከኃላፊው ከፕሮፌሰር አምሃ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ፕሮፌሰሩ በቡናማ ካኪ ከረጢት የተጠቀለለች ብልቃጥ ይዘው ይመጡና «የዘንድሮው» ብለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። ከረጢቱን የላቦራቶሪው ነባር ቴክኒሺያን ወይዘሮ ዘቢደር በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። ነገሩ ለባዕድ ሰው ያስቃል፤ እዚያ ቤት ግን የሚስቅ አልነበረም። በአገሩ ከእሳቸው የጸዳ ሆድ ከየት ይመጣል? ፕሮፌሰር አምሃ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ፣ በአዳራሽ፣ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ጥሬ ሥጋ አትብሉ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ድንኳን ውስጥ ሲገቡ ያየ ሙሽራ የሥጋው መስቀያ ላይ መጋረጃ ይጥላል።

እንግዲህ ወንጌል ፎቶውን ይዛ የገባችው እኚህ ሰው ቢሮ ነው።

ፕሮፌሰሩ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አዩት። ጆሯቸው ሲቀላ አየች፤ ንዴት መሰላት።

«እጅሽ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

«ፕሮፌሰር፣ የኬሚካሉ ኪት አልቋል። አዲሱ ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ ደግሞ ሰኔ ሃያ ነው።»

«ከመጀመሪያው ጀምሪ አልኩሽ።»

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች፤ ብዙም አይደለም፣ ሰው እስኪመጣ ድረስ። ወንጌል ዲላ አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ መምህርት ናት። ኮሌጁ የሰጣት ፈቃድ ሁለት ዓመት ነው፤ ሐምሌ አንድ ቀን ሁለት ሺህ ስምንት ዲግሪዋን ይዛ ካልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ይህ በደብዳቤ ተጽፏል፣ ማኅተምም አለው። እናቷ ደግሞ የምርቃቷን የምስጋና ፕሮግራም ቀን ለጸሎት ቡድናቸው ካሳወቁ ቆይተዋል። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከአክስቷ ቤት በየማለዳው እየተነሳች፣ ታክሲ ላይ ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ እየተጓዘች ያሳለፈችው ሁለት ዓመት በአንዲት መስመር ሊጠፋ ነው።

በነጋታው የሚቻለውን ያህል ሞከረች። በቀረችው ጥቂት ኬሚካል ኮንትሮሉን ብቻ ደጋግማ ሠራች። ውሃውን ለብቻው ሞከረችው፤ ባዶ። ኬሚካሉን ለብቻው ሞከረችው፤ ባዶ። ብልቃጧን ስትሞክር መስመሩ ቦግ ይላል። ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ ቦግ አለ። በመጨረሻ ብልቃጧም አለቀች።

ይህን ሁሉ ኤልቃና ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይከታተላል። ኤልቃና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልዶ ያደገ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ፈሳሽ መለኪያ ፒፔት ነክቶ አያውቅም፤ የእሱ ሥራ ከውጭ ተነበው የሚመጡትን የዲኤንኤ ፊደላት በኮምፒውተር ማስተያየት ነው። ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና ወንበሩን ወደ እሷ አንከባለለ።

«ወንጌል፣ ይሄ ሲምፕል ሎጂክ ነው። ውሃው ክሊን ነው፣ ኪቱ ክሊን ነው። ምን ቀረ?»

«ብልቃጧ።»

«በቃ።»

«የማን እንደሆነች ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው በሹክሹክታ የማወራው።»

ወንጌል ዙሪያዋን ቃኘች። እሳቸውን? ሐሳቡ ራሱ ነውር ሆኖ ተሰማት። ግን ከአንድ ወር በፊት በመጀመሪያ ሙከራዋ መስመር ያሳዩትን ሃያ ሦስት ናሙናዎች ለፊደል ንባብ ወደ ውጭ ስትልክ፣ ኮንትሮሉ ላይም ያኔ ያየችው መስመር ስላሳሰባት የኮንትሮሉንም አብራ ልካ ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ስትጨርስ የሚስተካከል መስሏት ነው። ውጤቱ ብልቃጧ ባለቀች በዚያው ሳምንት ዓርብ በኢሜል መጣ። ኢንተርኔቱ እየሄደ እየመጣ ፋይሉ እስኪወርድ ሁለቱም ምሳ ሳይበሉ ቀሩ።

ኤልቃና ሃያ አራቱን ደረደራቸው። «እይ» አለ። «እጅሽ አዛምቶት ቢሆን የኮንትሮሉ ኮሶ ከሃያ ሦስቱ የአንዱ ኮፒ መሆን ነበረበት። አይደለም። የእንጦጦዎቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ ይሄኛው ለብቻው ነው። ሠላሳ አንድ ቦታ ላይ ፊደሉ ይለያል። ይሄ ትል አንቺ ጠረጴዛ ላይ ረግጦ አያውቅም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ዌይት።» የላቦራቶሪውን የድሮ ፋይሎች ከፈተ። ባፈና የሚባል ተማሪ ከሦስት ዓመት በፊት ከልዩ ልዩ ወረዳዎች የሰበሰባቸው የኮሶ ትሎች ፊደል እዚያ ተቀምጧል። ኤልቃና አንድ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ ከዚያ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ጅሩ» አለ በጣቶቹ መሃል።

ለጥሬ ሥጋ ስለሚመረጠው የጅሩ ሰንጋ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ፕሮፌሰር አምሃ የጅሩ ተወላጅ መሆናቸውንም በትል ቤት የማያውቅ የለም። ኤልቃና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ወንጌል ግን አልሳቀችም። የእሳቸው ትልና የእሷ ዲግሪ አንድ ገመድ ላይ መታሰራቸው ገና ያን ጊዜ ገባት።

«ምንድን ነው የሚያስቅህ?»

ወይዘሮ ዘቢደር ከፍሪዘሩ ክፍል ብቅ ብለው ነው። ኤልቃና ስክሪኑን ለማጥፋት እጁን ቢዘረጋም አልደረሰም። ወይዘሮ ዘቢደር ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ከላይ ጀምረው እስከ ታች አነበቡ፤ ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ቤት ሲሠሩ ያልለመዱት ነገር የለም። ከዚያ ሄደው በሩን ዘጉትና ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«እንዴት የእርስዎ ይሆናል፣ እትዬ ዘቢደር?»

«አዲስ ተማሪ ሁሉ ሲገባ የራሱን ሰገራ በብልቃጥ ይሰጣል። ያንቺንም የእሱንም በማይክሮስኮፕ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድም ሰው ሳይመረመር አልፎ አያውቅም። የእሳቸውን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።» ጋዋናቸውን አስተካከሉ። «ነውር መሰለኝ። የአለቃን ሰገራ ማን ይመረምራል?»

«ለዲፌንሱ ለሚመጡት ፈታኝ ልንገራቸው?» አለች ወንጌል።

«ስም ከዚህ ቤት አይወጣም። ባለስሙ ራሱ ካላወጣው በስተቀር። ስትገቢ ፈርመሻል።» ወይዘሮ ዘቢደር ተነሡ። «ሌላም ደንብ አለን ግን። ኮሶ የተገኘበት ሰው ሁሉ ክኒኑን ከእጃችን ያገኛል። ማክሰኞ እንጦጦ ስትወጡ ሃያ አራት ፖስታ አዘጋጃለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ዝናቡ ግን ታገሣቸው። የላቦራቶሪው ላንድክሩዘር ጭቃውን እየረገጠ ዳገቱን ወጣ። ሰዎቹ ባሕር ዛፍ በከበበው አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ጠበቋቸው። ወንጌል በቁጥር እየጠራች ፖስታ ታድላለች፣ በእያንዳንዱ ፖስታ አራት ክኒን አለ፣ ፕሮፌሰሩ ደግሞ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ገለል አድርገው ይመክራሉ። ተራው የወይዘሮ የማርያምወርቅ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ቆመ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ፖስታውን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«የሌላ ሰው ነው። ጥሬ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«እማማ» አሉ ፕሮፌሰሩ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ኮሶ እኮ ነውር አይደለም። ነውሩ ደብቆ መኖሩ ነው።»

«ቢኖርብኝስ? የኮሶ ዛፌ ደጄ ላይ ቆሞ ክኒን ልቃም?»

«ክኒኑ ይሻልዎታል። ኮሶው አንጀት ያቃጥላል፣ ያዞራል። ይሄ ትሉን ሳያሠቃይዎት ሰባብሮ ያወጣዋል።»

«የተሰባበረ ነገር መውጣቱን በምን አውቃለሁ?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «እኔ የትሉን ራስ ካላየሁ ወጣ አልልም።»

ፕሮፌሰሩ ስቀው፣ ለምነው፣ በመጨረሻ አስዋጧቸው። ወንጌል ግን ከዚያ ወዲያ የሰማችው ነገር አልነበረም። ነውሩ ደብቆ መኖሩ ነው የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ሰዉ ተበትኖ ፕሮፌሰሩ ወደ መኪናው ሲያመሩ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ፕሮፌሰር፣ አንድ ሰው ቀርቶናል።»

«ማነው?»

«ስሙን አልናገርም። የኮንትሮሉ ባለቤት ነው።»

ፖስታውን ዘረጋችላቸው። ላዩ ላይ በወይዘሮ ዘቢደር የእጅ ጽሑፍ «24» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ከክኒኖቹ ጋር ኤልቃና ያተመው አንድ ገጽ ታጥፎ ገብቷል። ፕሮፌሰሩ እዚያው ቆመው ገጹን አነበቡ። ከዚያ አጠፉት፣ ከፖስታው ጋር የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«እንሂድ» አሉ።

ቁልቁለቱን የሾፌሩን ሬዲዮ እየሰሙ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰሩ ከትል ቤት ጠፉ። ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል፤ መስክ ወጡ ይባላል። ወንጌል መመረቂያ ጽሑፏን ስትጽፍ አልዋሸችም፤ ኮንትሮሉ መስመር ማውጣቱን፣ ሰጪው ራሱ ኮሶ ሳይኖርበት እንደማይቀር፣ ፊደሉም ይህን እንደሚያሳይ አስፍራ በጸሐፊያቸው በኩል ላከችላቸው። በሁለተኛው ቀን ተፈርሞ ተመለሰ። አንድ ቃል አልተጨመረበትም፣ አንድ ቃል አልተሠረዘም። ደግ ይሁን ክፉ ምልክት የሚነግራት አጣች። ወይዘሮ ዘቢደርን ስትጠይቃቸው «ስላይድሽን አዘጋጂ» ብለው ያልፏታል።

ሰኔ ሃያ ደረሰ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቷል፤ ፕሮፌሰር አምሃም ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። የውጭ ፈታኟ ዶክተር ኢፍቱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ በቀይ እስክሪብቶ የሚጽፉ ሴት ናቸው። ጽሑፉን ከፊታቸው ከፍተው ገጽ አርባ አንድ ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ኮንትሮልሽ መስመር አውጥቷል። አንቺ ደግሞ ሰጪው ኮሶ ነበረበት ትያለሽ። ሰጪውን ማን መረመረው?»

«ማንም አልመረመረውም፣ ዶክተር። የትሉ ፊደል ግን ከናሙናዎቼ ከአንዱም ጋር አይገጥምም።»

«ከጅሩ ትሎች ጋር ይገጥማል ብለሻል። የጅሩ ትሎች ዲኤንኤ የት ነው የተቀመጠው?»

ወንጌል ክው አለች። ይህን አላሰበችውም። ኤልቃናም አላሰበውም፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

«እኛው ፍሪዘር ውስጥ ነው» አለች።

«ስለዚህ ከእንጦጦው ባይሆን ከጅሩው አዛምተሽ ይሆናል። አይደለም እንድል ሰጪውን ማወቅ አለብኝ። ማነው?»

ስሙ የወንጌል ምላስ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ትድናለች። እናቷ ታወሷት፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ታወሳት። ወደ ፕሮፌሰሩ ላለማየት ወለሉን አየች።

«ስም አንናገርም» አለች። «ደንባችን ነው።»

«እንግዲያው ይህን ሥራ ልቀበለው አልችልም» አሉ ዶክተር ኢፍቱ፣ ከልባቸው እያዘኑ።

ወንበር ተንቋቋ። ፕሮፌሰር አምሃ ተነሥተዋል። ፊታቸው ገርጥቶ፣ ሰውነታቸው ከሳ ብሏል፤ በእጃቸው በየመስከረሙ የሚይዟት ዓይነት ቡናማ የካኪ ከረጢት አለች። ወደ ፊት መጥተው ከፈቷትና አንድ የመስታወት ዕቃ ፈታኟ ፊት አስቀመጡ። ዕቃው ውስጥ በአልኮል ተነክሮ፣ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ነጭ ነገር አለ።

«ሰጪው እኔ ነኝ» አሉ። «አምስት ሜትር ከሩብ ነው።»

ዶክተር ኢፍቱ ዕቃውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። እንደ ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቁት የሚጠየቀውን ነው። «ራሱስ?»

«ራሱም አለ» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር ከኋላ። «እኔ አይቼዋለሁ። በማይክሮስኮፕ።»

«በክኒን እኮ እንዲህ ሙሉ አይወጣም።»

«በክኒን አይደለም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሰባብሮ ቢያወጣው ማስረጃ አይሆንም። እንጦጦ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ዘንድ ተመልሼ ከዛፋቸው ለመንኳቸው። ፈጭተው፣ በጥብጠው፣ እየሳቁብኝ አጠጡኝ። ሁለት ጊዜ።» ከዚያ ወደ ፈተናው ሰብሳቢ ዞሩ፤ ድምፃቸው ሰለል አለ። «አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ይህች ልጅ ፎቶውን ባሳየችኝ ቀን ከማን እንደመጣ አውቄዋለሁ። ከየካቲት ጀምሮ በራሴ ላይ ምልክቱን እያየሁ እንዳላየ ሆኛለሁ። አውቄ ሳለሁ እጅሽ ነው አልኳት። እጇ ንጹሕ ነበር።»

ወንጌል ያን ጊዜ አለቀሰች፣ ሰው ሁሉ እያያት። ዶክተር ኢፍቱ ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑና «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» አሉ።

ፎቶው፣ እቅፍ አበባው፣ የእናቷ የስልክ እልልታ ሁሉ አልፎ ወንጌል ትል ቤት ስትመለስ ፕሮፌሰሩ የወይዘሮ ዘቢደር ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ያች «24» የተባለች ፖስታ ሳትከፈት ፊታቸው ተቀምጣለች።

«ጠይቂኝ» አሏት። «ሁላችሁም መጠየቅ ፈልጋችኋል።»

«እንዴት ሊሆን ቻለ፣ ፕሮፌሰር?»

«ተሾመ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ጅሩ። ከስምንት ዓመት በፊት ልጁን ሲድር ድንኳኑ መሃል ቆሜ ስለ ኮሶ አስተማርኩ። ሰዉ ቢላዋውን አስቀመጠ፤ ሥጋው እንደተሰቀለ ቀረ። ተሾመ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረኝም። የእናታችን ቀብር ላይ እንኳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የቆመው። አምና ለፋሲካ ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን። በሬ ጥሎ ጠበቀኝ። ራሱ ከሻኛው ቆረጠና አዋዜ ነክሮ በእጁ ዘረጋልኝ።» ፖስታዋን በጣታቸው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «እምቢ ማለት አቃተኝ። ጎረስኩ።»

ወይዘሮ ዘቢደር ዓይናቸውን ከመዝገቡ ላይ ሳያነሡ «ጣፈጠዎት?» አሉ።

ፕሮፌሰሩ አሰቡ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩትን ሁሉ ያሰቡ ይመስላሉ።

«በጣም» አሉ።

ኤልቃና ከኮምፒውተሩ ጀርባ መሳቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ ወንጌል ሳቀች፤ በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያዝል ሳቁ።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ይቺ ፖስታ የተሾመ ናት። ከእኔ ጋር ከአንድ በሬ ነው የበላው፣ እሱም ሳይኖርበት አይቀርም። ምን ብዬ እንደምሰጠው ነው የጨነቀኝ።»

«ክኒኑን ይስጡትና ዝም ይበሉ» አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። «ትምህርቱን እዚሁ ይተዉት።»

«እሺ» አሉ ፕሮፌሰር አምሃ። ፖስታውን ካኪ ከረጢቷ ውስጥ ከተቱና ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ፣ ዞሩም።

«መልሶ ቢያጎርሰኝስ?»

ወይዘሮ ዘቢደር መሳቢያቸውን ሳቡና ሌሎች አራት ክኒኖች ቆጥረው ሁለተኛ ፖስታ ውስጥ ጨመሩ፤ «24» ብለው ጻፉበትና ከረጢቷ ውስጥ ከተቱላቸው።